ከምጽዋ የመጣው ካፖርት

ወንድሜ የሞተው በካፖርቱ ምክንያት ነው። ካፖርቱ ባይመጣ ኖሮ አይሞትም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ያኔ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልሳቅኩም።

ቤታችን ከቀበና በላይ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ መውጣት በሚጀምርበት ቦታ ነበር። እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነበርን። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ አንዳችን መማር፣ አንዳችን መሸከም ነበረብን። የቱን ትመርጣለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እሱ ፊደል ቆጠረ፣ እኔ ከእንጦጦ አጣና እየቆረጥኩ አወረድኩ። እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ የእኔ ትከሻ ቀድሞ ጨርሶ ነበር።

ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት በኋላ ምጽዋ ወደብ ላይ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ምጽዋ ደሴት ናት አሉኝ። ደሴት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ ውኃ የከበበው መሬት ነው አሉኝ። በክረምት የእኛም ግቢ እንደዚያው ነው አልኩ። እናቴ ለመንገዱ ካፖርት አሰፋችለት፤ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ገበሩ ድርብ የሆነ። ለእናቴ ሩቅ አገር ሁሉ ብርድ ነው። እኔ በዚያ ዘመን ንጋት ላይ እንጦጦ የምወጣው ጆንያ ደርቤ ነበር። እንጦጦ ሩቅ አይደለማ።

ከሄደ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የከባድ መኪና ሾፌር በራችንን አንኳኳ። የጉርድ ሾላ ሰው ነው፤ እስላም ነው፤ በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጣል። በአንሶላ የተቋጠረ ነገር ታቅፏል። እናቴ አልነበረችም። የቀበሌው ሱቅ ስኳር መጥቶለት ሰልፍ ላይ ነበረች።

«ወንድምህ ሰላም ብሎሃል» አለኝ። «ደህና ነው። ይህን አድርስልኝ ብሎኝ ነው።»

ቋጠሮውን ፈታሁት። ካፖርቱ፣ ጋቢው፣ ሹራቡ፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ። ይዞት የሄደው ልብስ ከነእጥፋቱ ተመልሷል። የቀረው ባለቤቱ ብቻ ነው።

በእኛ ዘንድ የሰው ልብስ ያለ ሰውየው ወደ እናቱ ቤት የሚመለሰው በአንድ ምክንያት ነው። ድንኳን ውስጥ ይዘረጋል፣ እየተነሣ ይለቀስበታል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

«ደህና ነው?» አልኩት።

«ደህና ነው አልኩህ።»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እውነቱ እሱ ነው። ደህና ነው።»

«ታሞ ነበር እንዴ?»

«ለምን ይታመማል?»

«ታዲያ ልብሱ ምን ሊሠራ መጣ?»

«አገሩ ይሞቃላ! እኔ ራሴ እዚያ ስደርስ ሸሚዜን ነው የማወልቀው። በል ልሂድ፣ መኪናዬ መሀል መንገድ ላይ ነው የቆመው።»

ሲናገር ፊቴን አያይም ነበር። መኪናውን እያየ እንደነበር የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የመሰለኝ ሌላ ነው። ሰፈራችን ለሞት ደንብ አለው። ሰው አገር ቤት ወይም ጦር ሜዳ ሲሞት ለቤተሰቡ በቀጥታ አይነገርም። ታሞ ነበር ይባላል፣ ተሽሎታል ይባላል፣ ሊመጣ ነው ይባላል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው አንድ ቀን በማለዳ እስኪያረዱ ድረስ ሟቹ በሙሉ ጤንነት ይኖራል። መርዶ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ከደግ ወሬ በቀር ተናግሮ አያውቅም።

ሾፌሩን እጁን ይዤ ወደ ዕድሩ ዳኛ ወሰድኩት፤ በመንገድ ላይም ሦስት ጊዜ ደህና ነው አለኝ። ሌላ ሁለት ሽማግሌ ተጠራ።

«ስንት ጊዜ ደህና ነው አለህ?» ሲል ዳኛው በጆሮዬ ጠየቀኝ።

«ስድስት ጊዜ።»

«ደህና ለሆነ ሰው አንዴ ይበቃው ነበር» አለ።

ከዚያ እሱ ራሱ ሾፌሩን መረመረው። ሾፌሩ ተናደደ። «ወላሂ ደህና ነው! በገዛ ዓይኔ ዓሣ ሲበላ አይቼው ነው የመጣሁት!» አለ። ዳኛው ወደ እኔ ዘወር ብሎ «መሐላ ጨመረ» አለኝ፤ በሐዘን።

ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ደብዳቤ ተገኘ። እኔ አላነብም፤ ስለዚህ የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነብ ጡረተኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ተጠርቶ መጣ። መነጽሩን አደረገና ከላይ እስከ ታች አነበበ። ደህና ነኝ ይላል፣ ሙቀቱ አይቻልም ይላል። ሽማግሌዎቹ እያደነቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎበዝ» አለው ዳኛው። «ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚነበብ።»

«እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት።»

«እናውቃለን። እናውቃለን።»

መጨረሻው ላይ «ካፖርቱን በእኔ ፈንታ ልበሰው» የሚል ነበረበት። ይህ ሲነበብ አንደኛው ሽማግሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ኑዛዜ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም። ጸሐፊው እንኳ መነጽሩን ሲያወልቅ ትንሽ ተጠራጥሮ ነበር። ሾፌሩ ግን እየተሳደበ ወጣ።

ማክሰኞ በማለዳ እናቴን አረዷት። ያንን አልጽፈውም።

ልብሱ ድንኳን ውስጥ ተዘረጋ። ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ፤ አርባው ሲሞላም ተዝካር ወጣ። እናቴ ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለበሰች። በሰፈራችን የሟች ልብስ ለነፍሱ ይሰጣል። ካፖርቱን ውሰድ አሉኝ። የሞተ ሰው ካፖርት አልለብስም አልኩና ለቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቆፋሪ ሰጠሁት። ሬሳ ስላልነበረ ሰውየው አንዲት አካፋ አፈር አላነሣም። ምንም ሳይቆፍር ካፖርት ያገኘ መቃብር ቆፋሪ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ዓመት መሠረተ ትምህርት ወደ ቀበሌያችን መጣ። ያልተማረ ስኳር አይሸጥለትም የሚል ወሬ ተወራ፤ እኔም ለስኳር ብዬ ገባሁ። ጺሜ ያለ ዕድሜው ሸብቶ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። እጄ መጥረቢያ ለምዶ እርሳስ ይሰብራል። በየቀኑ አንድ እርሳስ እሰብር ነበር። መምህርቷ «አባባ፣ እርሳሱ አይሸሽም» ትለኛለች። በስድስት ወር የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ስኳሩን አልሰጡኝም፤ አልቋል ተባለ።

ማንበብ ስችል ከምስክር ወረቀቱ ሌላ ቤት ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ሁለት ብቻ ነበር፤ የቀበሌ መታወቂያዬና የወንድሜ ደብዳቤ። መታወቂያው ወዲያው አለቀ። ደብዳቤውን ከእናቴ ሣጥን ሥር አውጥቼ ከቤቱ ጀርባ ተቀመጥኩ። እያንዳንዷን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ ከምሳ በኋላ ጀምሬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረስኩ። እንዲህ ይላል።

«ለተወደድከው ወንድሜ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ያለው ሙቀት ለጠላት አይስጥ የሚባል ነው። ካፖርቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁለት ዓመት ሲታዘበኝ ኖረ። አንተ እንጦጦ ላይ ጆንያ ለብሰህ እንደምትወጣ አልረሳሁም። ካፖርቱን በእኔ ፈንታ ልበሰው። ልክህ መሆኑን አስጽፈህ ላክልኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሾፌሩ ያለው፣ ጸሐፊው ያነበበው ይኸው ነው። አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ከሰው አፍ ስሰማው አላመንኩም፤ ምክንያቱም የሚያወራልኝ ሰው ሊያዝንልኝ ይችላል። ወረቀት አያዝንልኝም።

ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ልጅሽ አልሞተም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ጥቁሩ ነጠላ ፊቷን አጥቁሮት ነበር።

«አንተም ተማርክና መጣህብኝ?» አለች። «ያ ጸሐፊ ይበቃኝ አልነበር?»

ለካ ፊደል መቁጠሬ ከሚያባብሏት ሰዎች ጎራ አስገብቶኛል። ደግሞ ሳስበው እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ደብዳቤውን በጻፈ ቀን ሕያው ነበር። አገሩ የጦርነት አገር ነው፤ ካፖርቱ ከመጣ ዓመት ከመንፈቅ አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈም። እናቴ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየኮሰመነች ነው። እህል ስትበላ የምታየው ሰሃኑን ሳይሆን በሩን ነው። በጥቁር እንድትሞት አልፈለግኩም። ስለዚህ ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

ጉርድ ሾላ ወርጄ ሾፌሩን ፈለግኩት። መኪናው ሥር ተጋድሞ ፍሬን ሲያስተካክል አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ወደ ምጽዋ ይውሰዱኝ።»

ከመኪናው ሥር ሳይወጣ «የማያምን ሰው አልጭንም» አለ።

«አምኛለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ደብዳቤውን አነበብኩት።»

«እኔ ስነግርህ ውሸት፣ ወረቀት ሲነግርህ እውነት!» አለና ብሎን አጠበቀ። ብዙ ቆይቶ «ረዳቴን ለውትድርና ወስደውብኛል። ጎማ መቀየር ትችላለህ?» አለኝ። እችላለሁ አልኩ። አልችልም ነበር።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ ሹሙ የጉዞ ምክንያት ጠየቀኝ።

«ወንድሜን ልጠይቅ።»

መዝገቡን ገለጠ። «ወንድምህ ሟች ነው የሚለው።»

«አዎ፣ እሱን።»

«ጓድ፣ ሟች እንዴት ይጠየቃል?»

ሹሙ ራሱ «ለሥራ ጉዳይ» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። ከመታወቂያዬ ቀጥሎ ያነበብኩት የመንግሥት ወረቀት እሱ ነው፤ ውሸት ነበር።

መኪናው የጫነው አጣና ነው። ከእንጦጦ የተቆረጠ፣ ለምሽግ የሚሆን። ምናልባት እኔው የቆረጥኩት ነው። ሾፌሩ እስከ ደሴ አላናገረኝም። ደሴ ስንደርስ ሻይ አዘዘና «ሽማግሌዎቹ ፊት ስድስት ጊዜ አለ ብለሃል አይደል?» አለኝ። «ሰባት ጊዜ ነው ያልኩት።» ከዚያ በኋላ ጨዋታ ጀመርን። አስመራ ላይ ወደ ምጽዋ የሚወረደው በአጀብ ስለሆነ ሁለት ቀን ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ፊትና ኋላችን ወታደር ሆኖ ቁልቁለቱን ስንወርድ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ አወለቅኩ። ሹራቤ አለቀ፣ ሸሚዜ አለቀ። ሾፌሩ በጎን አየኝና «አገሩ ይሞቃል?» አለኝ። ሰውየው ይህችን ጥያቄ ሁለት ዓመት አስቀምጧት ነበር።

ባሕሩ ላይ የተደለደለ መንገድ አለ። በእሱ ተሻግረን፣ ሁለተኛውንም ተሻግረን ደሴቲቱ ገባን። የወደብ ከተማ ሲሉኝ መርካቶን የመሰለ ነገር ጠብቄ ነበር። የሚንቀሳቀስ ፍጥረት ቁራ ብቻ ነው። ወደቡ ላይ አንዲት መርከብ ቆማለች፤ እሷም ዝጋለች። ቤቶቹ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ድንጋዩ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። መስኮቶቹ ላይ ጥልፍ የመሰለ የእንጨት ሥራ አለ፤ እንጨት አውቃለሁና ቀርቤ አየሁት። የሠራው ሰው ባለሙያ ነው። የጠገነው ግን የለም። ግማሹ ረግፏል፣ ግማሹ በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሏል፣ ጣራው የወደቀ ቤት ውስጥ ፍየል ትተኛለች። ሰውም ይተኛል። በየበረንዳው፣ በየቅስቱ ሥር፣ የገመድ አልጋ አውጥተው ወንዱም ሴቱም ጋደም ብሏል። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው። ከተማውን በሙሉ አረዱት እንዴ ብዬ አሰብኩ።

ማንበብ ስለቻልኩ ጽሑፍ ፈለግኩ። አንዱ በር ላይ የዓረብ ጽሑፍ አለ፣ አንዱ ሱቅ ላይ የጣሊያን ጽሑፍ አለ፣ ቀለሙ ለቆ ጥላው ብቻ ቀርቷል። አንዱንም አላውቀውም። ስድስት ወር የተሰቃየሁበት ፊደል ያለው አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። «ሁሉም ወደ ጦር ግንባር» ይላል። ጨርሼ አነበብኩትና ሌላ የሚነበብ አጣሁ።

ሾፌሩ እየመራ አንድ ቅስት ሥር አደረሰኝ። ሽርጥ ያገለደመ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን የሆነ ወፍራም ሰው አልጋ ላይ ተጋድሟል። ሆዱ ላይ የወራት ዕድሜ ያላት ሕፃን ተኝታለች።

«ይኸውልህ፣ ሟቹ» አለ ሾፌሩና ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ። አየኝ። ደነገጠ፣ ከዚያ ደስ አለው፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለውና ፊቱን አኮሳተረ። እናቴ ቤት አንድ ነገር ሲጎድልበት የሚያሳየው ፊት ነው።

«አሁን ነው የምትመጣ?» አለኝ።

«ሞተሃል» አልኩት።

«ማን አለ?»

«እኛ።»

ሕፃኗን ይዞ ተነሥቶ ተቀመጠ። «መቼ?»

«ካፖርቱ የመጣ ጊዜ።»

ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ሲሰማ ቆየና «ሰው መጣ?» አለ።

«ድንኳኑ አልበቃም። ከጎረቤት ዕድር ተጨመረ።»

ይህ ደስ አሰኘው። «የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅስ መጣች?»

«መጥታለች።»

«አለቀሰች?»

«በልታ ሄደች።»

ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ። ከዚያ «ካፖርቱስ፣ ልክህ ሆነ?» አለኝ።

ይህን የጠየቀው ከእናታችን በፊት ነው። ለዚህ አንድ ጥያቄ ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት ማለት ነው።

«ለመቃብር ቆፋሪው ሰጠሁት።»

«ቀበረኝ እንዴ?»

«አልቀበረህም። ምንም አልቆፈረም።»

«ታዲያ ለምን ሰጠኸው?»

«ደንቡ ነው።»

«ለአንተ ብዬ የላክሁትን!» አለ። ደብዳቤ ያቆመውም በዚሁ ነበር። መልስ ሳንጽፍለት ስንቀር ካፖርቱን ናቃችሁብኝ ብሎ አኩርፏል። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አኩርፎ፣ እኛ ስናለቅስለት እሱ ይህ አልጋ ላይ ሲያኮርፍ ኖሯል።

የሕፃኗ እናት ከውስጥ ወጥታ በግማሽ ዓረብኛ፣ በግማሽ አማርኛ ተቀበለችኝ። ሳይነግረን ያገባት ሚስቱ ናት። ዓሣ ለሁለት ከፍላ፣ በርበሬ ለቅልቃ፣ በእሳት ጠብሳ አቀረበች። ዓሣው አፍጥጦ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ወንድሜ የእኔንም ድርሻ በላ።

ሲመሽ ነፋስ መጣና ከተማው ተነሣ። ሰዎቹ ፊታቸውን ታጥበው፣ ለማንም ሳይቸኩሉ ወጡ። ሽማግሌዎች የወደቀ ግድግዳ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ወንድሜ ሕፃኗን በክንዱ ይዞ አዞረኝ። የድሮ ነጋዴዎች ቤት ነው ይላል፣ ዕንቁና ሸቀጥ ይገባበት የነበረ በር ነው ይላል። በሩ አሁንም አለ፤ የሚገባበት ግን ነፋስ ነው።

«ይህ ቱርክ የሠራው ነው» አለኝ። «ያ ግብፅ ነው። ያኛው ጣሊያን ነው።»

ግድግዳዎቹ ላይ ጥይት የበሳው ቀዳዳ ሞልቷል።

«የእኛስ የቱ ነው?» አልኩት።

«ቀዳዳው» አለ። ዞር ዞር ብሎ የሰማ ሰው እንደሌለ አየና መንገዱን ቀጠለ።

ወደ ቤት እንሂድ፣ እናትህ ትይህ አልኩት። ወደቡ በጦር ሥር ስለሆነ ፈቃድ የለም፣ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ተከልክያለሁ አለ። ደብዳቤ ልጻፍ አለ። ብትጽፍ የምታነብላት እኔ ነኝ፣ እኔን ደግሞ አታምንም አልኩት። ፎቶግራፍ አለ። ለቅሶው ላይም ፎቶግራፍህ ነበር አልኩት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። «ልሙትላችሁ?»

«ይህንንስ አድርገኸዋል።»

ደሴቲቱ ላይ ሦስት ቀን ተኛሁ፤ ሌላ የሚሠራ ነገር ስለሌለ። በሕይወቴ ቀን የተኛሁት ያኔ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ለእናቴ ጨው ቋጥሮ ሰጠኝና ተሰነባበትን። መኪናው ሲነሣ «ካፖርቱን አስመልስ!» ብሎ ጮኸ።

ቀበና ስደርስ እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። የዕድሩ ዳኛና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጎኗ አሉ። ሾፌሩ ምስክር ልሁን ብሎ ተከትሎኛል። ሁሉም አፌን ያያሉ።

«እማዬ፣ ደህና ነው» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«በዓይኔ አየሁት! ደህና ነው!»

«እኔ ድሮም ብያለሁ!» አለ ሾፌሩ። ዳኛው ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «አንተ መልካም ሰው ነህ» አለው። እናቴ መንሰቅሰቅ ጀመረች።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ስንት ቀን በመኪና ተንገላትቻለሁ፣ ፍሬን ሲበጠስ ድንጋይ ጎማ ሥር ወሽቄአለሁ፣ ደግ ወሬ ይዤ መጥቼ መርዶ ነጋሪ ሆንኩ።

«ወፍሯል!» ብዬ ጮኽኩ። «ሆዱ ሽርጡ ላይ ተዘርግፏል! ቀኑን ሙሉ ይተኛል! የእንግዳ ዓሣ ቀምቶ ይበላል!»

«ተው አንተ!» አለ ዳኛው። «ሙት እንዲህ አይባልም!»

«ሳይነግርሽ አግብቷል! ወልዷል! ስለ አንቺ ሳይጠይቅ ስለ ካፖርቱ ነው የጠየቀኝ! ያልጻፈውም አኩርፎ ነው!»

እናቴ ነጠላውን ከፊቷ አወረደች።

«ምን አልክ?»

«አግብቷል።»

«እሱን ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ያልከውን።»

«አኩርፎ ነው የቀረው። ስለ ካፖርቱ አልጻፋችሁልኝም ብሎ።»

 ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እኔ ልታለቅስ ነው አልኩ።

«ያ ገፊ!» አለች። «በሰባት ዓመቱ ዳቦ አሳነስሽብኝ ብሎ ሳምንት አኩርፎ ከአልጋ ሥር ያደረ! እሱ ነው! ይህን የሚያደርግ እሱ ብቻ ነው! ሴትየዋ የማን ልጅ ናት? ሕፃኗስ ማንን ትመስላለች?»

«ሆዷ እሱን ነው።»

እናቴ ብድግ ብላ ጥቁሩን ነጠላ ከትከሻዋ ገፈፈችው። ሁለት ዓመት ያጎነበሰ ወገብ ቀና ሲል አየሁ። ዳኛው ግራ ገባው።

«እሜቴ፣ ቆይ እስኪ» አለ። «ዕድሩ ለሞተ ደንብ አለው። ለተመለሰ ደንብ የለንም።»

«እንግዲያ አውጡ» አለችው። ወደ እኔ ዞረችና «ካፖርቱን ለማን ሰጠኸው?» አለች።

ዳገቱን ወጥተን መቃብር ቆፋሪውን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘነው። ካፖርቱን ለብሶ ፀሐይ ይሞቃል።

«አውልቅ» አለችው እናቴ።

«እማማ፣ ለነፍሱ ብላችሁ ነው የሰጣችሁኝ።»

«ነፍሱ ከነሥጋው ምጽዋ ናት። ዓሣ ትበላለች። አውልቅ።»

አወለቀ። በምትኩ ጥቁሩን ነጠላ ሰጠችው፣ ለሚስትህ ይሁን ብላ። ካፖርቱን አራገፈችና እዚያው፣ መቃብሮቹ መካከል፣ እኔን አለበሰችኝ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችልኝ። እንደዚያ ያደረገችልኝ አባቴ የሞተ ጊዜ ነበር።

በማግስቱ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት እርሳስ ሰበርኩ። «ካፖርቱ ደርሷል። እጅጌው አጥሮኛል። ትከሻው ልክ ነው» አልኩ። ከዚያ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጨርስ ፈለግኩና ተውኩት። እሱም የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ።

«እማዬ ጧትም ማታም ትሰድብሃለች» ብዬ ጻፍኩና አሸግኩት።